ሦስት ሺህ ዋት የጎደለው ሳውና

ይህን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ ታይሚ ናት፣ የመንደራችንን ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያሞቀችው። የዛን ቅዳሜ እኔ ሐይቁ ላይ በረዶ ሰርስሬ ዓሣ አጠምድ ነበር። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ነው ያወጣሁት፤ ያላመነ ይምጣና ይይ፣ ጭንቅላቱ እስከዛሬ ጎተራዬ በር ላይ ተቸንክሯል። ግን የማወራው ስለ ጎረቤቴ ስለ ኢርያ ነው።

የኢርያ አባትና እኔ አንድ ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ ወደ ፋብሪካ ስንነዳ ነው ያረጀነው። እኔ እበልጠው ነበር፣ እሱም አይክድም። ልጁ በሃያ ዓመቷ የወረቀት ፋብሪካው ኤሌክትሪክ ክፍል ስትቀጠር ወንዶቹ መጥረጊያ ነበር ያስጨበጧት። ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ የክፍሉ አለቃ ሆና ጡረታ ስትወጣ መጥረጊያውን ይዛው ወጣች። ደጇን ዛሬም በሱ ነው የምትጠርገው።

እና የዛን ክረምት ሳውናችን አልሞቅ አለ። እኔ ውሃ ምድጃው ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ሲፈስ በድምፁ ብቻ ሙቀቱን እነግራችኋለሁ፣ ቴርሞሜትር አልፈልግም። ድምፁ ሞቷል። የሳውናው ማኅበር ሊቀመንበር ታውኖ ደግሞ ጥፋቱን ታይሚ ላይ ደፈደፈው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አበራሁ ትላለች እንጂ አስር ሰዓት ላይ ነው የምታበራው» አለ። ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን የሳውናውን ቁልፍ ልንቀማት ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ያ ቁልፍ ነው።

ታይሚ ሄዳ የኢርያን በር አንኳኳች። «አንቺ ልጅ፣ ያ ምድጃ ውሸታም አድርጎኛል» አለቻት።

ኢርያ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ ቴስተሯን፣ ይዛ መጣች። የኤሌክትሪኩ ምድጃ በርቷል። ታውኖና ሁለት ሰዎች ፎጣቸውን ታጥቀው ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ቴስተር ሰነፍ ሰው ይለካል እንዴ?» አላት ታውኖ።

«ቀስ በል፣ ተራህ ይደርሳል» አለችው።

ምድጃው ሦስት የማሞቂያ ዘንግ አለው። አንዱ መስከረም ላይ ተቃጥሎ ታውኖ ሦስቱንም በገዛ እጁ ቀይሯቸዋል፤ ባለሙያ አላስፈልግ ብሎት። ኢርያ ሽቦዎቹን ተራ በተራ፣ እንደ ጉጠት በሚከፈተው መለኪያ ያዘቻቸው። በእያንዳንዱ የሚያልፈው ስምንት ነጥብ ሰባት አምፔር ነው። ቮልቱ ሁለት መቶ ሠላሳ። እርሳስ ከጆሮዋ ጀርባ አውጥታ የእንጨቱን ባልዲ ገለበጠችና ቂጡ ላይ ጻፈች።

«ቮልቱን በአምፔሩ ታባዛለህ፣ ዋቱ ይመጣል። ሁለት ሺህ። ሦስቱ ስድስት ሺህ። ምድጃው ላይ ምን ተጽፏል፣ ሊቀመንበር?»

ታውኖ መነጽሩን ፈለገ። «ዘጠኝ ሺህ።»

«ሦስት ሺው የት ገባ? ታይሚ ከረጢት ውስጥ ይዛው ሄደች?»

አንደኛው ሰውዬ በፎጣው አፉን ሸፈነ።

«አዲስ ዘንግ ነው እኮ» አለ ታውኖ። «ሱቅ ውስጥ ካሉት ኦሙ ከፍ ያለውን መርጬ ነው። ጠንካራውን።»

ኢርያ ሌላ መስመር ጻፈች። አሁን ቮልቱን ለአምፔሩ አካፈለችው፤ ሃያ ስድስት ኦም ከምናምን ሆነ። ታይሚ ምንም ነገር አትጥልም፣ ከጓዳ ሦስቱንም አሮጌ ዘንጎች አመጣች። ኢርያ ስትለካቸው የተቃጠለው ምንም አላሳየም። ሁለቱ ግን ደህና ናቸው፤ አሥራ ሰባት ተኩል ግድም።

«ይኸው፣ የኔው ይበልጣል» አለ ታውኖ።

«ይበልጣል። ኦም ማለት እኮ ከረንቱን የሚከለክለው ነው፣ ታውኖ። የሳውናው በር ላይ ዘበኛ አብዝተህ ሳውናው ቶሎ እንዲሞላ ትጠብቃለህ? ያው ቮልት ሆኖ ኦሙ ሲበዛ የሚገባው ያንሳል፣ ሙቀቱም ያንሳል። ታይሚ ከእኩለ ቀን ብታበራውም ስድስት ሺህ ስድስት ሺህ ነው።»

ታይሚ እንደምትለው፣ ታውኖ ባልዲውን አንስቶ ቁጥሮቹን ደግሞ ደጋግሞ አየ። ከዛ ኪሱን ሊዳብስ ሲል ፎጣ ብቻ መታጠቁ ትዝ አለው። ተነስቶ ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ ቁልፉን ለመቀማት ያዘጋጀውን የስብሰባ ወረቀት አወጣና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው።

ኢርያ ምድጃውን አጥፍታ ሁለቱን አሮጌዎች መለሰች፣ ሦስተኛውን ከቤቷ አመጣች። አስራ ሦስት አምፔር በየአንዳንዱ። ዓሣዬን አንጠልጥዬ ስደርስ ድንጋዩ ላይ ውሃ ሲፈስ ከመንገዱ ሰማሁት፣ እና ተሠርቷል አልኩ፤ ማንም ሳይነግረኝ። ላይኛው መደብ ላይ፣ ሁልጊዜ ታውኖ የሚቀመጥባት ጥግ ላይ፣ የወንዶቹ ተራ አልፎ የሴቶቹ ስለነበር ኢርያ ተቀምጣለች፣ ታይሚ እንደነገረችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ከኛ ወንዝ ወጣች ብዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ አወራለሁ።

ማታ ታውኖ የእጇን ዋጋ ጠየቃት። «ለኔ ምንም። ዕዳህ ለታይሚ ነው» አለችው።

ታይሚ ቁልፏን ጉያዋ ከታ አሰበች። «የዘንጉን ለኢርያ ትከፍላለህ» አለችው። «ሰነፍ ያልከኝን ትቼልሃለሁ።»