የገብረአብ ጀርባ

ገብረአብ መጠየቅ የማይታክተው ሰው ነበር። ከመዘዞ በግ ነድቶ የመጣ ነጋዴ ካገኘ፣ የአንዱ በግ ጆሮ ለምን እንደተቆረጠ ሳይሰማ አያሳልፈውም። ሚስቱ ወለተ ጊዮርጊስ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዳኛ ብትሆን ይሻልህ ነበር" ትለዋለች።

እሱ ግን ጎረቤላ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። በር ይጠብቃል፣ ደወል ይመታል። ሌላም ሥራ ነበረው፦ መምህር ተማሪ ሲገርፉ ልጁን አዝሎ የሚይዘው እሱ ነው። ጀርባው ላይ ያልወጣ ተማሪ ጥቂት ነው። ልጆቹ ታዝለው በጆሮው ያንሾካሹካሉ፤ "ጋሼ፣ በእመብርሃን፣ እኔ እኮ አይደለሁም!" ገብረአብ ቤቱ ሲገባ ይህን ሁሉ ሰበብ ለሚስቱ እየተረከ ይስቃል።

በ1955 ዓ.ም. ግን አንዲት ዝምተኛ መጣችበት። መሪማ ትባላለች፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አጎቷ ዘንድ ተቀምጣ አራተኛ ክፍል ትማራለች። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አዘላት። አለንጋው ሲያርፍባት ትንፋሿን ከመያዝ በቀር ድምፅ የላትም። ምን ብታጠፋ ነው? ለምንስ አትናገርም? ነገሩ ከነከነው። ሐሙስ ዕለት ከጀርባው ሳትወርድ ተናገረች፤ "ጋሼ፣ ነገ የመጨረሻዬ ነው። ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም።"

አርብ፣ መምህር ዘርአ ዳዊት ከክፍል ወጣ ሲሉ ገብረአብ በመስኮት አጮለቀ። የክፍል አለቃው ይርጋለም የረባሾችን ስም ሊጽፍ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ክፍሉ በጩኸት ተቀውጧል። መሪማ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ይርጋለም የእሷን ስም ጻፈ።

ገብረአብ ልጁን ወደ ውጭ ጠራው።

"ምን አደረገች?"

"ምንም።"

"ታዲያ?"

ይርጋለም መሬት መሬቱን አየ። "ባዶ ወረቀት ካስረከብኩ መምህር እኔን ነው የሚገርፉኝ። የከተማውን ልጅ ብጽፍ ደግሞ ከነወንድሞቹ መንገድ ላይ ይጠብቀኛል። እሷ እዚህ ማንም የላትም።"

ገብረአብ በጥፊ ሊለው አስቦ ነበር፤ ተወውና ወደ ክፍሉ መለሰው።

መምህሩ ተመልሰው ወረቀቱን አነበቡ። "ገብረአብ፣ እዘላት።"

ገብረአብ አላጎነበሰም። "መምህር፣ መጀመሪያ ምን እንዳጠፋች ይጠይቁልኝ።"

"ስሟ ተጽፎ የለም እንዴ?"

"ተጽፏል። ወረቀቱ ባዶ ሲሆን የሚገረፈው ማን ነው?"

መምህሩ ወደ ይርጋለም ሲዞሩ ልጁ ሳይጠየቅ አለቀሰ። ወረቀቱን ብዙ አዩት፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና መሪማን፣ "ሂጂ፣ ተቀመጪ" አሏት።

ተማሪ ሲለቀቅ ገብረአብ ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ጠበቃት። "እንግዲህ ሰኞ ትመጫለሽ፣ አይደል?"

መሪማ መልሳ ጠየቀችው። "ጋሼ፣ ሰኞ የሌላ ልጅ ስም ቢጻፍስ ያዝሉታል?"

ገብረአብ ክው አለ። ያን ሁሉ ዓመት ሰበብ እያለ የሳቀበት ስንቱ እውነት ይሆን? ስለ በግ ጆሮ እንኳ የሚጠይቅ ሰው ይህን አንድ ቀን አልጠየቀም። አፈረ።

"አላዝልም" አላት።

"ከሥራ ቢያባርሩዎትስ?"

"ያባርሩኝ።"

መሪማ ትክ ብላ አየችው፤ ያመነችው አትመስልም። ሰኞ ጠዋት ግን ከሁሉም ቀድማ መጣች፤ እውነቱን እንደሆነ ልታይ።