ከላይኛው ቤት የተዳረችው ልጅ

ሴትዮዋን ገና ከመጀመሪያው ቀን አልወደድኳትም። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ነገር ሲበላሽ የጠላኋት እንዳይመስል። የምንኖረው ዋይትሆርን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው የአሥር ደቂቃ መንገድ የሆነ ቤት ውስጥ ነው። እሷ ከባሏና ከአንድ ልጇ ጋር ላይ ትኖራለች፤ እኔ ከባሌና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከሥር ያለውን ቤዝመንት ተከራይቻለሁ። ከህንድ፣ ከፑንጃብ ከመጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የገባን ዕለት በሩ ላይ ቆማ ሕጓን ደረደረችልኝ፤ ጫማ እዚህ፣ ቆሻሻ እዚያ፣ ሽንኩርት ስትጠብሺ መስኮት ክፈቺ። የሷ ቁሌት ሽታ እስከ አልጋዬ ድረስ ሲወርድ ግን መስኮት የሚከፍት አላየሁም።

ከወጥ ቤቴ አጠገብ አንድ ዕቃ ቤት አለ፤ በውላችን መሠረት ግማሹ የኔ ነው። በሦስተኛው ዓመት መጸው ላይ ሴትዮዋ ዕቃ ታጉርበት ጀመር። መጀመሪያ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ ከዚያ በፕላስቲክ የታሸገ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ የብረት ድስት በየመጠኑ፣ ከዚያ ከነካርቶኑ ቴሌቪዥን። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እዚያ ያስቀመጥኳቸው የመኪናዬ የበረዶ ጎማዎች አጥር ሥር ተወርውረው በረዶ ለብሰው አገኘኋቸው። ደሜ ፈላ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ።

በሩን የከፈተችው እየሳቀች ነው። «ልጄን ልድራት ነው» አለችኝ።

ለሠርግ ደግሞ ማን ይቆጣል? አፌ ሳያስፈቅደኝ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ አረፈው፤ ወርጄ ጎማዎቼን እያንከባለልኩ መኪናዬ ውስጥ ጫንኳቸው። እኔ እንዲህ ነኝ፤ በልቤ የማልሳደበው ሰው የለም፣ ፊት ለፊት ሲሆን ይሉኝታ ይዞኝ እሽኮረመማለሁ።

ልጅቷን ግን እወዳት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። ልብስ ማጠቢያው ማሽን የኛ በር አጠገብ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወርዳለች። ልብሱ እስኪታጠብ ከኔ ጋር ሻይ ትጠጣለች፣ ለልጆቼ የሒሳብ የቤት ሥራ ታሳያለች፣ እኔን «አንቲ» ትለኛለች። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ስትወርድ አቅፌ ሳምኳትና ዕቃ ቤቱን በእጄ እያሳየሁ፣ «አማቾችሽ ለጋስ ሰዎች ናቸው! ገና ካሁኑ ይህን ሁሉ አመጡልሽ?» አልኳት።

ምን ላድርግ፣ እኔ የማውቀው ጥሎሽ ከወንድ ቤት ወደ ሴት ቤት የሚመጣ ነው። ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ፣ ደጅ የሚጠናው ወንዱ። በሠርጉ ቀን ሻንጣው ተከፍቶ ቀሚሱም ጫማውም ወርቁም አንድ በአንድ እየተነሳ ለታዳሚው ይታያል፣ ሴቶቹ ደግሞ አነሰ በዛ እያሉ ያማሉ። ሌላ ዓይነት ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ልጅቷ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «አንቲ፣ ይሄ ለኔ የመጣ አይደለም። ከኔ ጋር የሚሄድ ነው። እኔን ስለሚወስዱ እኛ ነን የምንሰጣቸው» አለች።

«ልጅም ዕቃም?»

«ልጅም ዕቃም።»

ቁጭ ብላ ነገረችኝ። አገራቸው ላይ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ማንም በስሙ አይጠራውም፣ ስጦታ ይባላል። የሙሽራው እናት ቶሮንቶ አካባቢ ሆና በየሳምንቱ ትደውላለች። ይሄን አምጡ አትልም፤ «ልጃችሁ እንዲመቻት ብዬ ነው» ትላለች። ልጅቷ ሙሽራውን ያየችው ሁለት ጊዜ በቪዲዮ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ እሱ ሌላ ነገር እያየ ነበር።

«እምቢ አትይም?» አልኳት።

«ብያለሁ።»

እምቢ ካለች ጀምሮ አባቷ አያናግራትም፤ አምስተኛ ወሩ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበሉ ጨው አቀብይኝ እንኳን አይላትም፣ ተነስቶ ራሱ ያመጣል። እናቷ ልቤን አመመኝ ብላ ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብታለች። ፓስፖርቷ አባቷ መሳቢያ ውስጥ ነው። «ማንም አልመታኝም» አለችኝ። «ቢመቱኝ ኖሮ ፖሊስ እጠራ ነበር። ፖሊስ ጠርቼ ምን እላለሁ? አባቴ ዝም አለኝ?»

እሳት ሆንኩ። ጥለሽ ውጪ፣ እኔ ቤት ግቢ አልኳት፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ የኔ ቤት የእናቷ ወለል ሥር መሆኑ ትዝ አለኝ። «ኤድመንተን ከተማ ጓደኛ አለችኝ፣ ግን ከሄድኩ እናቴ ትሞታለች» አለች። «አትሞትም!» ብዬ ጮህኩ። «እንደ እናትሽ ያለችው በቀላሉ አትሞትም!» ልጅቷ ከት ብላ ሳቀችና ወዲያው አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም?» አለችኝ። የለም አልኩ። አክስቴ በአሥራ አራት ዓመቷ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ በዚያው ተጠልፋ መቅረቷን ዋጥ አደረግኩት። የሰው ገበና ሲሆን ዓይኔ ጥሩ ነው፣ የራሴን ግን መሸፈን ይቀናኛል።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ላውንድሪ ክፍል ነው። እዚያ አንዲት ህንዳዊት ባልደረባ አለችኝና ነገሩን አጫወትኳት። አንሶላውን እያጠፈች፣ «ለእኔ ፍሪጅ የጠየቁ ሰዎች መጥተው ነበር፤ አባቴ ጫማቸውን እንኳን ሳያስሩ አባረራቸው» አለችኝ። ስለዚህ ባህላቸው ነው ምን ይደረግ የሚለኝን ሰው አልሰማም። ማባረር የሚያውቅ አባት እነሱም ጋ አለ።

የካቲት ላይ ልጅቷ አንድ ቅዳሜ እየሮጠች ወረደች። «አንቲ፣ መኪና ጠየቁ!» አለችኝ። ፊቷ በርቷል። ነጭ፣ ትልቅ፣ አዲስ መኪና፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነ ነገሩ ይቅር ብለዋል። አባቷ ገንዘብ የለውም፤ ባንኩም እምቢ ብሎታል። ኮርነርስቶን ሰፈር አዲስ ቤት የገዛችው አክስቷ ከእናቷ ጋር ከተኳረፈች ቆይታለች፣ አትሰጥም። ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። አሥራ ሁለት ቀን ካለፈ እነሱ ራሳቸው ይተዋሉ፤ እሷ እምቢተኛ አትባል፣ እናቷም አትሞት።

«እግዜር ስግብግብነታቸውን ይጨምርላቸው!» አልኩ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ማሽኑ ፊት እንደ ልጅ ዘለልን። ያን ያህል ስቄ አላውቅም።

ከሦስት ቀን በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ናት። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ለቁም ነገር ወርዳ የማታውቀው ሴት፣ ጣፋጭ የሞላ ሳህን ይዛ ቆማለች። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ልጆቼን ሳመች። እንግሊዝኛዋ ከኔ አይሻልም፤ ቢሆንም የፈለገችው በደንብ ገባኝ። የአንድ ዓመት ኪራይ ቀድመን ብንከፍላት ትቀንስልናለች፤ ሁለት ዓመት አትጨምርብንም፤ ዕቃ ቤቱንም ታስለቅቅልናለች። ዕቁብ እንደደረሰን ታውቃለች፤ የኔ ባል በረዶ ሲጠርጉ ለባሏ ለፍልፎለታል። ከዚያ እጄን ያዘችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የልጄ ሠርግ ነው» አለች።

ልነግራት የሚገባኝን አውቅ ነበር። ልጅሽ አትፈልግም፣ መኪናውም ባይገዛ ለሷ በረከት ነው፤ ይኸው ነበር። ግን ፊቷን ማየት እንኳን የማልወደው ያቺ ሴት ሳህኗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሠርግ ስትለኝ፣ «ከባለቤቴ ጋር ልነጋገር» አልኳት። በኛ ቋንቋ ይህ እሺ ማለት እንደሆነ እሷም የገባት መሰለኝ፤ እየመረቀችኝ ወጣች።

ባሌ ሲሰማ ደስታውን አልቻለም። «ሬንት የት እንደደረሰ አላየሽም እንዴ? ትናንት ፔንብሩክ ሜዶውስ ያለውን ቤዝመንት ኮል አድርጌ አልነገርኩሽም? ሬንቱን ፊክስ ካደረገችልን ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«መኪና ሊገዙበት ነው። ልጅቷን ሊሸኙበት።»

«ከፈለጉ ፕሌን ይግዙበት። በሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባሽ? እኛ ሬንት ነው የምንከፍለው፣ ፊኒሽ።»

በሱ ማሳበብ ደስ ባለኝ ነበር፤ ዕቁቡ ግን የወጣው በኔ ስም ነው፣ ቼኩም ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ልጅ ይዤ በዚያ ብርድ ቤት ስፈልግ ታየኝ። ባልሰጥ ሌላ ሰው ይሰጣታል አልኩ ለራሴ፤ ሌላ ሰው እንደሌለ ራሷ ልጅቷ በጣቷ ቆጥራ ነግራኝ ነበር። የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ድፎ ዳቦ ቆርሼ አደረግኩበት። በዳቦው ላይ ቼኩን ጨምሬ ወጣሁና አስረከብኳት። ቀኑ ሊሞላ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ይዛ የምትወርደው እናትየዋ ሆነች። ልጅቷ በላይኛው በር ወጥታ በላይኛው በር ትገባለች። ብሩ ከየት እንደመጣ አታውቅም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ዕቃ ቤቱ ግን ቃል እንደተገባልኝ ተለቀቀ፤ ጎማዎቼን መልሼ አስገባሁ። በውነቱ በጣም ሰፊ ክፍል ነው።

ሠርጉ ሰኔ ውስጥ በአንድ እሑድ ቀትር ላይ ነበር። አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር፣ ሄድኩ። ነጯ መኪና ሪባን ታስሮላት አዳራሹ በር ላይ ቆማለች፤ እንግዳው ሁሉ እየተጠጋ ፎቶ ይነሳባታል። ሴትዮዋ ከሩቅ አይታኝ እየተጣደፈች መጥታ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ ጎተተችኝ። የሙሽራው እናት ወርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። «ተከራያችን ናት፣ ግን እንደ እህቴ ናት» አለቻት፤ ጮክ ብላ፣ በእንግሊዝኛ፣ እኔም እንድሰማ። «እሷ ባትደርስልን መኪናው አይሆንም ነበር።»

ልጅቷ ከአማቷ አጠገብ ቆማለች። ቀይ ለብሳለች፣ እጆቿ እስከ ክርኗ በሂና ተስለዋል። እናቷ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጫማዬን ነካች።

ደንግጬ ትከሻዋን ያዝኳት። አፌ የለመደውን ተናገረ፤ «ውለጂ፣ ክበጂ» አልኩ።

ቀና አለች። «ምን አልሽኝ?» ከየካቲት ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

«መረቅኩሽ።»

«እናንተ ጋም ሙሽራ እግር ትነካለች?»

«ጉልበት ትስማለች።»

«የማንን?»

መዋሸት እችል ነበር። አልመጣልኝም። «የዳሯትን ሰዎች» አልኳት።

አየችኝ። «እንግዲያው አልተሳሳትኩም» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።