የእማዬ ዘይትና የባሌ ተርቦ

ባሌ አውሮፕላን ሠርቷል። ይህን ለሰው ስናገር «የሚበር?» ይሉኛል። አዎ፣ የሚበር። የምንኖረው ፈረንጅ አገር ነው፤ ቀን ጎረቤት ከተማችን አሌክሳንድሪያ ሄዶ አውቶቡስ ይጠግናል፤ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ጋራዥ ይገባል፤ የእኔ መኪና ለዓመታት በረዶ እየወረደባት ውጭ ያደረችው በዚህ ምክንያት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ባሌ ሞኝ አይደለም፤ ባለመልቀቁ ግን ያው ነው።

ሞተሩን ያወጣው ከአንድ አሮጌ የስፖርት መኪና ነው። ሮታሪ ይሉታል፤ ፒስተን የለውም፣ ሆዱ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል። ትንሽ ነው፣ ጉልበቱ ግን የጉድ ነው። አንድ ክፉ አመል አለው፤ ይሞቃል።

ብቻውን ሲበርበት ደህና ነበር። አምና በሰመር፣ በሙቀቱ ወራት፣ ግን ከቸርቻችን አንድ ግዙፍ ወንድም አሳፍሮ ተነሣ። እኔና አብራን የምትኖረው እናቴ ከከተማ ወጣ ካለችው ትንሽ አየር ማረፊያ አጥር አጠገብ ቆመን እናያለን። አውሮፕላኑ ዛፎቹን እንደ ምንም አለፈና ወዲያው ዞሮ፣ ከአፍንጫው ነጭ እንፋሎት እየጎተተ ተመልሶ አረፈ። ወንድማችን እንደወረደ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ምንድን ነው የሆነው?» አልኩት ባሌን።

«ትንሽ ሞቆ ነው» አለኝ።

ትንሽ! ራዲያተሩ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። እኔ ነርስ ነኝ፤ «ትንሽ አሞኝ ነው» ብለው የሚመጡ ወንዶችን አውቃቸዋለሁ። መኪና ውስጥ ቁርጡን ነገርኩት። ወይ ያበርደዋል፣ ወይ በሚመጣው ሰመር ይሸጠዋል። መብረዱን ደግሞ ከእሱ አፍ አልሰማም፤ እኔው አጠገቡ ተቀምጬ፣ ወደ ላይ ሲወጣ የሙቀት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መቆየቱን በገዛ ዓይኔ አያለሁ። «እሺ» አለ። ባሌ እሺ ካለ እሺ ነው፤ ለዚህም ነው ያገባሁት።

የበረዶው ክረምት ሲገባ አንድ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት በሣጥን ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው?»

«ተርቦ። ሞተሩ ውስጥ አየር በኃይል እየነፋ ጉልበት የሚጨምር ነው።»

«ተርቦ ሞተር ያቀዘቅዛል?»

«ኧረ የለም። እሱስ ራሱ ይሞቃል።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ጮህኩበት። እሱ ሲጮህበት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ስሚኝማ» አለ፤ «ሁለት ሰው ሲጫን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ቀስ ካለ ነፋስ አያገኝም። ነፋስ ካላገኘ ራዲያተሩ ምን ያድርግ? ተርቦው ጉልበት ይሰጠዋል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ነፋሱን ያገኛል። ተርቦው የሚያመጣውን ሙቀት ደግሞ በትልቅ ራዲያተርና በሁለተኛ የዘይት ማቀዝቀዣ እችለዋለሁ።» ነገሩ ገባኝ፤ እንደገባኝ ግን አልነገርኩትም። ክረምቱን ሙሉ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ በቁርስ ሲሪያል ካርቶን የአየር መግቢያውን ልክ ሲቆርጥ ከረመ። ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ በአንድ ጫፍ የምይዝለት እኔው ነበርኩ፤ እየተነጫነጭኩም ቢሆን።

በጸደይ አየር ማረፊያው ባለው ሃንጋራችን፣ አውሮፕላኑ በሚያድርበት አዳራሽ፣ ተገጣጠመ። መጀመሪያ መሬት ላይ ሲያስነሳው ንጹሕ ነበር። ያን ቅዳሜ እማዬም አብራን መጥታ አየችው፣ ዞረችው፣ መረቀችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲያስነሳው ግን ከሞተሩ ኮፈን ሥር ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። ኮፈኑን ሲከፍት ተርቦው በዘይት ወዝቷል። ፊቱ ጠቆረ። ተርቦ ሲሽከረከር የሚኖረው በዘይት ላይ ነው፤ ግሎ ዘይት የሚያፈስ ተርቦ አየር ላይ እሳት ነው አለኝ።

ፈታው። የዘይት ማገጃ ቀለበቱን ቀየረው፣ የዘይት ቱቦውን ቀየረው፣ አጠበው፣ ገጠመው። ቅዳሜ ሄድን፤ ሲያስነሳው ደህና ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ጭስ። እንደገና ፈታው። እራት ላይ ሹካውን ይዞ ግድግዳ ያያል። ሲሠራ የሚያንጎራጉረው መዝሙር ጠፋ። አንድ ቀን ሳህኑን ሳነሣ «ልሸጠው ነው መሰለኝ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እኔ ነኝ ይሸጥ ያልኩት፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። እኔ የፈለግሁት እንዲበርድለት ነው እንጂ እንዲህ አንገቱን እንዲደፋ አልነበረም። አንድ ተጨማሪ ቅዳሜ ለምኜ ወሰድኩት።

በዚያ ቅዳሜ ባሌ መፍቻ ሊዋስ ወደ ጎረቤት ሃንጋር ሄደ። እኔ ምሳችንን ከመኪና አውጥቼ ስመለስ እማዬ አውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ቆማለች። ግራ እጇን ፕሮፔለሩ ላይ ጭናለች፤ በቀኝ እጇ ከቦርሳዋ የማትለየውን ትንሽ ጠርሙስ ከተርቦው ፊት ወዳለው አየር መግቢያ ዘቅዝቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። በቸርቻችን አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሳይጸለይለትና መኪናዋ ዘይት ሳትቀባ አይነዳም። ቀቢዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እማዬ ግን ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ነው» አለችኝ፣ ሳትደነግጥ። «አፉ ላይ ጠብ ጠብ ማድረጉ ብቻ አልሠራም።»

«ስንት ጊዜ ነው የቀባሽው?»

«በመጣሁ ቁጥር ነዋ! ልጄ እየከሳ ዝም ልበል? ሞተሩ አልድን ባለ ቁጥር ጨመር አደረግሁለት።»

ባሌ ሲመለስ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ጠርሙሱን ብቻ አሳየሁት። ጠርሙሱን አየ፣ አማቱን አየ፣ ኮፈኑን ከፈተ። ጣቱን ነክሮ አሸተተ፤ ከዚያ ቀመሰው። «የወይራ ነው» አለ። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከእንባው ውስጥ የሳቅ ያልሆነም ነበረበት፤ ነርስ ስለሆንኩ ሳይሆን ሚስቱ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

«እማማ» አላት ሲረጋጋ፣ «ክንፉን ይቀቡልኝ፣ ጅራቱንም ይቀቡልኝ። ሞተሩን ግን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«የታመመው ሞተሩ አይደል እንዴ?» አለች እማዬ። «ክንፉ ምን ሆነና!»

ባሌ ጨርቅ አንሥቶ ተርቦውን መጥረግ ጀመረ።

ታጥቦ ሲነሣ ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። መጀመሪያ ብቻውን በረረ፣ ደጋግሞ። ቀጥሎ አንድ ቀን ሃንጋር ስገባ በእኔ መቀመጫ ላይ የአሸዋ ከረጢቶች በቀበቶ ታስረው ተቀምጠዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«አንቺ ነሽ» አለኝ። «መጀመሪያ በአሸዋ ልሞክረው ብዬ ነው። ኪሎሽን ስጠይቅሽ ያልሽኝ ላይ ግን ትንሽ ጨምሬበታለሁ።»

በያዝኩት ጨርቅ መታሁት። ከዚያ ከረጢቶቹን እያየሁ ቆየሁ። ብቻውን ለመብረር ተርቦ አያስፈልገውም ነበር፤ ትልቁ ራዲያተርም፣ የክረምቱ ልፋት ሁሉም አያስፈልገውም ነበር። ብቻውን ሲሆን ሞቆበት አያውቅም። ያ ሁሉ ለዚች መቀመጫ ነው። አንጀቴን በላው፤ ዞር ብዬ ምሳ የማወጣ መሰልኩ።

የእኔ ተራ የደረሰው ኦገስት ላይ ነው፣ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ በሚለጠፍበት ቀን። ልሳፈር ስል እማዬ ጠራችኝ። «ሞተሩን ከከለከላችሁኝ እንግዲህ» አለችና ዘይቱን መዳፏ ላይ ሞልታ ግንባሬ ላይ አፈሰሰችው። ማበስ ነውር ነው፤ እንደዚያው ገባሁ።

ተነሣን። መሬቱ ከሥሬ ሲወድቅ ዓይኔን መርፌው ላይ ተከልኩ። ዛፎቹን ያለፍነው ከፍ ብለን ነው፤ ያ ቀንድ አውጣ እያፏጨ ይገፋናል። ከዚያ ላቤ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ወረደና ሁለቱም ዓይኖቼ ውስጥ ገባ። ባሸሁት ቁጥር ባሰ። ዳሽቦርዱ በሙሉ ጭጋግ ሆነብኝ።

«አይታየኝም!» አልኩት በጆሮ ማዳመጫው ማይክ። «መርፌው የት ነው?»

«አረንጓዴው ላይ።»

«እውነቱን ንገረኝ!»

ወደ መርፌው ጎንበስ አለ። «እየወጣ ነው» አለኝ። «ገና አረንጓዴው ውስጥ ነው... ጫፉ ጋ ደርሷል... ቆመ። አሁን እየተመለሰ ነው።»

አምና ቢሆን «ትንሽ ሞቆ ነው» ይለኝ ነበር። ዓይኔን ማሸት ተውኩ።

«አይሸጥም» አልኩት።

«መርፌውን ሳታዪው?»

«ሳላየው» አልኩት።