ሐምዱ ቀድሞ ሲመጣ

ባለፈው ሳምንት፣ ውጫሌ ከተማ አብራኝ የምትሠራ ባልደረባዬ የጻፈችውን ስክሪፕት አሳየችኝ፤ ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትዕዛዞች ናቸው።

«መሀል ላይ አንዱ ቢከሽፍስ?» አልኳት።

«ኧረ ምን ያከሽፈዋል!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አንድ የሠርግ ቪዲዮ ትዝ አለኝ።

በወጣትነቴ ሐይቅ ከተማ፣ አያ ይማም ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ ያገኘሁትን ሁሉ በስስት አነብ ነበር፤ የኮምፒውተር መጽሐፍም ቢሆን። አያ ይማም ለሠርግ ቪዲዮ የሚሆን ስክሪፕት ራሳቸው ጽፈዋል፦ ከካሜራው ካርድ ወደ ዲስኩ ቅዳ፤ ካርዱን አጥፋ፤ በመጨረሻም «አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም አልቋል» ብለህ ጻፍ። የአገራችን ሰው አመል ነው። በሬው ገደል የገባበት እንኳ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት መጀመሪያ ያመሰግናል፤ የበሬው ነገር የሚመጣው ቆይቶ ነው።

በጥር አያ ይማም የአንዲት ሙሽራን፣ የሐዋን፣ ሠርግ ቀረጹ። ብዙም ሳይቆይ አባቷ በድንገት ሞቱ። ለቅሶው በረድ ሲል ሐዋ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል በባጃጅ መጣች፤ ሻሿ አቧራ ለብሷል።

«አባባ ሲመርቁኝ ያለውን ብቻ አሳዩኝ» አለች።

ከፈትኩት። ሽማግሌው እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ምስሉ ቀጥ አለ። ለካ ዲስኩ ሞልቶ ኖሯል። ቅጂው መሀል ላይ ከሽፎ፣ ስክሪፕቱ ግን ወደሚቀጥለው ትዕዛዝ አልፎ፣ ካርዱን አጥፍቶ፣ አመስግኖ ጨርሷል። 

አያ ይማም ከዚያ ወዲህ ሠርግ ያልቀረጹበትን ያንኑ ካርድ ካሜራው ውስጥ ከተው፣ ወደ ሌላ ሠርግ ሊሄዱ በራችን ላይ ደርሰዋል።

«አያ ይማም፣ ካርዱን! እንዳይቀርጹበት!»

«ባዶ ነው እኮ፣ አንቺ ልጅ።»

«ባዶ አይደለም። የተሰረዘው ስሙ ነው፤ ሌላ እስኪጻፍበት ምስሉ እዚያው ይቆያል።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ትናንት ጉርድ ፎቶ አንስቼበታለሁ» አሉ ዝግ ብለው።

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሳሁ። ሐዋ ከኋላዬ ቆማለች፤ ፍለጋው ቀጥ ባለ ቁጥር ትንፋሿም ቀጥ ይላል። መብራት እንዳይሄድ እየፈራሁ አምፖሉን አያለሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ፋይሉ ተገኘ። ምስሉ ተሰባብሮ አረንጓዴና ግራጫ ሆኗል። ድምፁ ግን ንጹሕ ነበር፦ «ውለጂ፣ ክበጂ፤ የረገጥሽው ይለምልም።»

ሐዋ እጇን ዘርግታ «አሚን» አለች። አያ ይማምም ካሜራቸውን እንደያዙ «አሚን» አሉ።

በማግሥቱ ስክሪፕቱን አስተካከልኩት። ማንኛውም ትዕዛዝ ሲያበቃ አንድ ቁጥር ትቶ ይሄዳል፤ ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል፣ ሌላ ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ከቅጂው ቀጥሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ መስመር አስገባሁ፦ ዜሮ ካልሆነ እዚያው ቁም፤ ካርዱን እንዳትነካ።

«ሐምዱንም ልታነሺብኝ ነው?» አሉ ቅር ብሏቸው።

«ኧረ ይቆይ። ቁጥሩን ጠይቆ ያመስግን።»

«አንቺስ ከአማት የባስሽ ነዝናዛ ነሽ!»

ሐዋ አሁን ጅዳ ናት። በዒድ ስትደውል፣ ልጆቿ የአያታቸውን ምርቃት በቃላቸው እንደሚሉት ታጫውተኛለች። «ሲመርቅ እጁን እንዴት ነበር የሚዘረጋው?» ይሏታል፤ እሷም ሲመርቋት አንገቷን ደፍታ ስለነበር መልሳ እኔን ትጠይቀኛለች። ሠርጉ ላይ አልነበርኩም፤ እኔም ያየሁት እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ምስሉ እስከቆመበት ድረስ ብቻ ነው። ዲስክ መሙላቱ አይደለም የሚቆጨኝ፤ ዲስክ ይሞላል። ቅጂው ሲከሽፍ ቁጥሩን ትቶልን ነበር። የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው።