በዱዓው መሀል የተወተፈው ቀዳዳ

ይኸ ነገር የደረሰብን ባለፈው ክረምት ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ግን ይውጣልኝ ብዬ ጻፍኩት። ስም ቀይሬያለሁ።

ልጄ ሰኢድ ሳዑዲ ቆይቶ የመጣ ነው። እዚያ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ እንፋሎቱ በሚፈላበት በኩል ነበር የሚሠራው። ሲመለስ ሐይቅ ከተማ ላይ እንድሪስ የሚባል ነጋዴ የእንፋሎት መታጠቢያ ሊከፍት ቧንቧ የሚዘረጋለት ሰው ሲፈልግ አገኘው። እኔም ልጄ ዳግመኛ ባሕር ማቋረጡን ሊተው ነው ብዬ አልሀምዱሊላህ አልኩ።

ውሃ ማፍያው ጓሮ ነው። ትልቁ ቧንቧ ከዚያ ተነሥቶ ለክፍሎቹ እያካፈለ መጥቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያልቃል። ሰኢድ ጫፉ ላይ የንፋስ መውጫ ቀዳዳ አበጀ። ቧንቧው ውስጥ ያለው ንፋስ አስቀድሞ ካልወጣ እንፋሎቱ አይገባም፣ መጨረሻ ያለው ክፍልም በረዶ ሆኖ ይቀራል አለ። ክርክሩ የመጣው በቀዳዳው ስፋት ነው። እንድሪስ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ይበቃል ባይ ነው።

«አንተ ልጅ፣ በእንጨቴ ያፈላሁትን እንፋሎት በቀዳዳ ልታፈስብኝ ነው?»

«አያ እንድሪስ፣ የፊተኛው እንግዳ ሳይወጣ የኋለኛው የት ይቀመጣል? ቧንቧው ረጅም ነው። በመርፌ ቀዳዳ ንፋሱ ወጥቶ እስኪያልቅ ይመሻል።»

«ዐረብ አገር ያስተማሩህ ምላስ ነው እንዴ!» ብሎ ሳቀና ፈቀደለት። ሰኢድም ትንሿን ጣት የምታሳልፍ አደረጋት።

የመክፈቻው ቀን ዝናብ ስለነበር ዱዓው አዳራሽ ውስጥ ሆነ። የሰፈራችንን ሸኽ፣ ለክብራቸው፣ ሙቀት ያገኛሉ ተብሎ በቧንቧው ጫፍ በኩል አስቀመጧቸው። ሰኢድን በልጅነቱ ቁርኣን ያስቀሩት፣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አሁን አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። እኔ ከሴቶቹ ጋር በሩ ሥር ተቀምጫለሁ።

ሰኢድ ጓሮ ሆኖ እንፋሎቱን ለቀቀው። ከቀዳዳው የሚወጣው ንፋስ እንደሚተነፍስ የመኪና ጎማ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ መዳፉን ዘርግቷል። ሸኽየው በዱዓ መሀል ጫጫታ አይወዱም። ሻላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ግድግዳውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ቀዳዳዋን ወተፏት። ጸጥ አለ። ዱዓው ቀጠለ።

ጥቂት ቆይቶ ቧንቧው ውስጡን በመዶሻ የሚመቱት ይመስል ይንቋቋ ጀመር። ሰኢድ እየሮጠ ገባ። ሻሉን አየ። ሸኽየውን በአንድ እጁ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በሌላው መዘዘው። የታፈነው ሁሉ ከፈላ ውሃ ጋር ፊቱ ላይ ፈነዳ።

ወደ ደሴ ሆስፒታል በመኪና ስንወስደው ፊቱን በእርጥብ ነጠላዬ ሸፍኜዋለሁ። እጄን አጥብቆ ያዘ።

«እማ፣ ማን እንደወተፈው አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«አላየሽም።»

«እንዴት አላየሁም? እነዚህ ዓይኖቼ...»

«እሳቸው ይኸን ከሰሙ ከመሬት በታች ናቸው። አላየሽም፣ በቃ።»

ለጠየቀው ሁሉ «ፊቴን አስጠግቼ ከፍቼው ነው» አለ። ሸኽየው ግን ሻላቸው እንዳመጣው አላወቁም፤ ማሽኑን አንድ ሰው ያበላሸው መስሏቸዋል። የልጄ አንደኛው ዓይን ተረፈ። ሌላኛው ጉም እንደለበሰ ቀረ። እንድሪስ እስከ ዛሬ ለመጣው ሁሉ «ቀዳዳውን አስፍቶት ነው፣ ነግሬው ነበር» ይላል። ልጄ ይሰማል።

ሸኽየው ከጁምዓ ሲወጡ ቤታችን ጎራ ይላሉ። የልጄን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ።

«ያረቢ! ይኸን ዓይን ያጠፋውን አንተ ያዝልኝ!»

ሰኢድ ቶሎ ብሎ፣ «ሸኽዬ፣ እንደሱ አይበሉ። አውፍ በለው፣ ማረው ይበሉ» ይላቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠህ! እሺ፣ አውፍ ይበለው።»

ልጄ አሚን ይላል። ሸኽየው ወደ እኔ ዞረው የእኔን አሚን ይጠብቃሉ።

በፊተኛው እርግማን አሚን እንዳልል፣ አንድ ደግ ሽማግሌ ሳያውቁ ራሳቸውን ሲረግሙ ማገዝ ነው። በኋለኛው ምሕረት እንዳልል ደግሞ ያቺ ጉም የለበሰች ዓይን ታየኛለች። እስካሁን አንዱንም አላልኩም። «ውሃ ላምጣልዎ» ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ።