የረታ የጽዋ ተራ

መምህር ረታ ይሰክር በነበረበት ዘመን የሚካኤል ማኅበርተኞች አንድም ጊዜ ተራውን አልዘለሉትም። ሚስቱ ሸዋወርቅ ይህን አትረሳም። አንድ ዓመት ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከነመሶቡ ቦይ ውስጥ ወደቀ፤ እየሳቁ ያነሱት እነሱው ነበሩ። «ጨዋታ አዋቂ» ይሉት ነበር። አረቂ የሚጋብዝ ሰው መቼስ ጨዋታ አያልቅበትም።

ረታ ከደብረ ብርሃን መቐለ የተመደበው በሰማንያ ሰባት ዓ.ም. ነው፤ ሒሳብ ሊያስተምር። አባቱ የሞቱ ጊዜ መንገዱ ረዝሞበት ለቀብር ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ስላለው ከሮማናት አደባባይ ጀርባ ካሉት አረቂ ቤቶች ይፈልገው ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠመኔውን እንደያዘ ተማሪ ፊት ቆሞ አለቀሰ፤ ማቆምም አቃተው። ሸዋወርቅ ወስዳ ሆስፒታል አስተኛችው። ለጎረቤት ግን «ስልጠና ሄዷል» አለች። በዚህች ውሸቷ እስከ ዛሬ ራሷን ትንቃለች።

ከሁለት ወር በኋላ መድኃኒቱን ይዞ፣ መጠጡን ትቶ መጣ። ወሬው ግን ቀድሞት ደርሶ ነበር። ቦይ ውስጥ ሲያነሱት ያልተጸየፉት ሰዎች፣ በእግሩ ቀጥ ብሎ ሲገባ ተጸየፉት። ወይዘሮ የሺወርቅ «ጉልበቴን ብርድ እየነካኝ» ብላ ከአጠገቡ ተነስታ በሩ ሥር ተቀመጠች። ብርዱ የሚገባው እኮ በበሩ ነው! የጽዋ ተራው ሲደርስም «ትንሽ ይረፍ» ተብሎ ታለፈ። በሚቀጥለውም ወር ታለፈ።

ረታ ብዙ የሚከፋው ሰው አይደለም። ይህቺ ግን ቆረቆረችው። «ስንት ዓመት ሰክሬ ተቀብዬዋለሁ» አላት ሸዋወርቅን፤ «አንድ ጊዜ እንኳ በደህና እጄ ልቀበለው።»

የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ መጠጥ ከተወ በአሥራ አንደኛው ወር፣ ራሱ ተነስቶ ተራውን ጠየቀ። ማኅበርተኛው የተሰበሰበው በአቶ ገብረመስቀል ቤት ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ እሳቸው ናቸው። ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚያዙት ሰው ቢያጡ ማኅበሩን ያገኙ ሰው።

«ጽዋ የሚረከብ ይቀምሳል፤ ደንብ ነው» አሉ። «ድነህ እንደሆነ ቅሩብ፣ ትንሽ፣ ቅመስና እንይህ። የተባረከ ጠላ አያሰክርም።»

የዳነ መሆኑን ጠጥቶ ያሳይ! ይህን ሲሰማ አንድ ሰው እንኳ አላፈረም። አሳላፊው ኣስፋሃ ጽዋውን እስከ አፉ ሞልቶ አቀረበ፤ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የረታ እጅ ተዘረጋ። አሥራ አንዱ ወር በአንድ ጉንጭ ሊሄድ ነው።

ሸዋወርቅ ብድግ ብላ ጽዋውን ከመሐል ተቀበለችና ጭልጥ አደረገችው። ጠላው ጎምዛዛ ነበር፤ የገብረመስቀል ቤት ጠላ ሁሌም ጎምዛዛ ነው።

«ጽዋው የሚገባው ቤታችን ነው፤ ቤታችን ቀምሷል» አለች። ከዚያም ወደ ማኅበርተኛው ዞር ብላ፣ «በታኅሣሥ እኛ ዘንድ ናችሁ። የምናቀርበው ብርዝ ነው» አለች። ረታ መሶቡን አንስቶ ወጣ፤ ቤታቸው እስካለበት እስከ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ድረስ ለማንም ሳያሲዝ ተሸከመው።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ድፎው ተቆረሰ፤ ማሩ በውኃ ተበጥብጦ ተጠለለ፤ ወንበር ከጎረቤት ተለመነ። ቄሱ ባርከው ሄዱ። ከማኅበርተኛው ግን ማንም የለም። አንዱ ልቅሶ ገጠመው፤ አንዱ እንግዳ መጣበት፤ የየሺወርቅ ጉልበት ባሰበት። ሃያ ሁለት ሰው፣ ሚካኤልን ያለ ጠላ የማያውቀው! ሸዋወርቅ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየች በየተራ ረገመቻቸው። ረታ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ በሩን ያያል።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ኣስፋሃ ብቻውን መጣ። ያ ጽዋውን እስከ አፉ የሞላው። ሊሰልል ነው የመጣው አለች በልቧ። ፊቷን እንዳጠቆረች ብርጭቆውን ሞልታ ሰጠችው።

በሁለት እጁ ያዘው። እንዲያም ሆኖ ብርዙ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ፤ የብርጭቆው ጠርዝ ጥርሱን እየመታ ይንኳኳል። የተረፈውን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ረታ ሓወይ፣ ወንድሜ» አለ፤ «ሲተዉት ስንት ቀን ነው የሚከብደው?»

«ዛሬም ከብዶኛል» አለው ረታ። «ተቀመጥ፤ አትቸኩል።»

ሸዋወርቅ ይህን ሰው በሩ ላይ ምን ብላ እንደምታዋርደው አንድ ወር ሙሉ ስታስብ ነበር የከረመችው። ማሰሮውን አነሳችና ደገመችለት፤ እንዳይፈስበት ግማሽ ብቻ።