የሌላ ሰው ካርድ የታሰረበት ዴስክ

ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለችው የብረታ ብረት ቤቴ በርና መስኮት ስበይድ ነው የኖርኩት። ከመንግሥት ጋር መሥራት አልወድም ነበር። በኋላ ግን ጨረታው ሁሉ በኮምፒውተር ሆነ፣ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው ተባለ። አመንኩ። ዛሬም የሚያናድደኝ ማመኔ ነው።

ጨረታው ዋሂል በሚባለው ገጠር ዙሪያ ላሉ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ዴስክ ለማቅረብ ነበር። ከመወዳደሬ በፊት አንዱን ትምህርት ቤት ሄጄ አየሁ። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ርዕሰ መምህርቷ ጡረታ የደረሱ ሴት ናቸው።

"ባለፈው የመጣልን ዴስክ ዓመት አልሞላውም፣ ተሰባበረ" አሉኝ። "ርካሽ ነው ብለው ነው የገዙት። የምታመጣ ከሆነ የማይሰበር አምጣ ልጄ፤ አለዚያ ድንጋዩ ይሻለናል።"

ናሙናውን ከወፍራም ቱቦላሬ ብረት ሠራሁት። ከሠራተኛዬ ጋር ሆነን ላዩ ላይ ዘለልንበት፤ ንቅንቅ አላለም። በጋሪ አስጭኜ ጨረታውን ወዳወጣው መሥሪያ ቤት መጋዘን ወሰድኩት። ስሜ ያለበትን ካርድ በሽቦ አሰሩበት።

ውጤቱ ሲወጣ "መስፈርቱን አላሟላም" ይላል። ምን እንደጎደለው አይናገርም። ግዥ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣

"ሲስተሙ ነው የጣለህ" አለኝ።

"ሲስተሙ ብረቱን በእጁ ዳሰሰው እንዴ?"

"አቦ አታድርቀኝ! ቅሬታ ካለህ በጽሑፍ አስገባ።"

አስገባሁ። የወደቀውን ናሙናዬን በዓይኔ ልይ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ካመላለሱኝ በኋላ ኃላፊው፣ ሁለት የጨረታ ኮሚቴ አባላትና እኔ መጋዘን ገባን። ካርዴ የታሰረበትን ዴስክ አሳዩኝ። ብረቱ ስስ ነው፤ ገና ስነካው ተወዛወዘ።

"ይሄ የኔ አይደለም" አልኩ።

"ካርዱ ያንተ ነው" አለ ኃላፊው።

ዞር ስል የኔ ዴስክ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። ያሸነፈው አቅራቢ ካርድ ታስሮበታል። ደሜ ፈላ። ገለበጥኩት። ጣውላውን ስቆርጥ በእርሳስ የጻፍኩት ልኬት ከመቀመጫው ሥር አለ። ጋሪ ላይ ሲጫን ያነሳሁትን ፎቶም ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው።

የመጋዘኑ ጥበቃ፣ አንድ ሽማግሌ፣ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። "ወላሂ፣ ይሄን ከጋሪው ያወረድነው እኔና እሱ ነን" አሉ።

"እርስዎን ማን ጠየቀዎት?" ብሎ ኃላፊው ጮኸባቸው።

ከኮሚቴው አንዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "የአሠራር ክፍተት ነው፣ ይስተካከላል" አለ።

ክፍተት! ሽቦ ፈትቶ ካርድ የሚያቀያይር ክፍተት አይቼ አላውቅም። "ሌባ በሉት!" ብዬ መጋዘኑ እስኪያስተጋባ ጮህኩ። አንዳቸውም አላሉትም።

ጨረታው ተሰረዘ። ኃላፊው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ እዚያም ግዥ ላይ አስቀመጡት። ከሥራ የተሰናበቱት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

ጨረታው እንደገና ሲወጣ ናሙናዎቹ በሁላችንም ፊት ካልተፈተኑ አልወዳደርም ብዬ ተሟገትኩ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎችም አገዙኝ። እሺ አሉ። እዚያው ፊታችን ሰው እየተቀመጠባቸው፣ እየተጎተቱ ተፈተኑ። የኔው አለፈ።

ዴስኮቹን በአይሱዙ ጭኜ ስደርስ ምስጋና ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። ርዕሰ መምህርቷ አንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት።

"ጠንካራ ነው" አሉ። "ግን የስምንተኛ ክፍል ልጆቼ ዴስክ ሳያዩ ጨርሰው ሄዱ። እስካሁን የት ነበርክ?"

ስለ ካርዱ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ምን ይሠራላቸዋል? ወደ አውራጆቹ ዞሬ "ምን ታንቀላፋላችሁ? ቶሎ በሉ!" ብዬ አምባረቅኩባቸው። እነሱ ምንም አላጠፉም ነበር።